የከተማ ባቡር ፍጥነት የት ይወሰናል?



የምድር ውስጥ ባቡር ያለበትን ከተማ አይቶ የመጣ ሰው መጀመሪያ የሚጠየቀው «ፍጥነቱ እንዴት ነው?» ተብሎ ነው። ተጠያቂውም ብዙ ጊዜ አንድ ቁጥር ይጠራል፤ ሰማንያ ይላል፣ ዘጠና ይላል፣ መቶ ሃያ ይላል። ከዚያ በኋላ ከተሞቹን በዚያ ቁጥር ማወዳደር ይጀመራል። እኔ ዛሬ ላስረዳችሁ የምፈልገው ያ ቁጥር ብቻውን ስለ አንድ ከተማ ባቡር እጅግ ጥቂት ነገር እንደሚናገር ነው። የተሳፋሪውን ሰዓት የሚቆርጡት የጣቢያዎቹ ርቀት፣ የኩርባዎቹ ጥበትና የመድረኩ ርዝመት ናቸው። በትልልቆቹ ከተሞች እነዚህን የወሰኑት መሐንዲሶችና ሹማምንት አብዛኞቹ ዛሬ በሕይወት የሉም፤ ውሳኔያቸው ግን በየማለዳው ሚሊዮኖችን ያሳፍራል። በንግግሬ የምጠራቸው ዓመታት፣ ዓመተ ምሕረት ብዬ ካልጠቀስኩ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ማንም ሰው ቤቱ ሲገባ በወረቀትና በእርሳስ ሊያረጋግጠው በሚችል ስሌት ልጀምር። በሁለት ጣቢያዎች መካከል አንድ ኪሎ ሜትር አለ እንበል። ባቡሩ ሲነሳ ፍጥነቱ በእያንዳንዱ ሰከንድ በሰዓት 3.6 ኪሎ ሜትር ይጨምራል፤ ሲቆምም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ቆመው የሚጓዙ ሰዎች ሳይንገዳገዱ ሊችሉት የሚገባ መጠን ስለሆነ የከተማ ባቡሮች ከዚህ ብዙ አይርቁም። ከፍተኛ ፍጥነቱ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሆነ ባቡር እዚያ ለመድረስ 250 ሜትር ያህል ይፈጅበታል፤ ለመቆምም ሌላ 250 ሜትር። በሙሉ ፍጥነቱ የሚሄደው መሃል ላይ ያለውን ግማሽ ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ጉዞው በጠቅላላው 67 ሰከንድ ይወስዳል።

አሁን ባቡሩን እንለውጥና ከፍተኛ ፍጥነቱ 120 የሆነ እናምጣ። ይህኛው ባቡር በአንድ ኪሎ ሜትር ውስጥ 120 ላይ አይደርስም፤ ገና 114 ላይ ሳለ ፍሬን መያዝ ይኖርበታል። ጉዞው 63 ሰከንድ ይሆናል። ትርፉ አራት ሰከንድ ነው። ለዚህች ትርፍ ሲባል ባቡሩ በየሁለቱ ጣቢያዎች መካከል የሚሸከመው የእንቅስቃሴ ጉልበት እጥፍ ይሆናል። ያንን ጉልበት የሚሰጠው ኤሌክትሪክ መከፈል አለበት፤ በፍሬን ጊዜ ከጉልበቱ ተመልሶ ጥቅም ላይ የማይውለው ክፍል ደግሞ ሙቀት ሆኖ ዋሻው ውስጥ ይቀራል። በሌላ በኩል ባቡሩ ጣቢያ ላይ የሚቆምበትን ጊዜ ከ35 ሰከንድ ወደ 25 ማውረድ ቢቻል አሥር ሰከንድ ይተርፋል። ይህ የሚገኘው ደግሞ ሰፋፊና ብዙ በሮች በመሥራት፣ የፉርጎውን ወለል ከመድረኩ ጋር እኩል በማድረግ፣ ወራጁ ሳይጋፋ የሚወጣበትን ቦታ በመተው ነው። እኔ እንደማምነው የከተማ ባቡር ጥበብ ከሞተሩ ይልቅ በበሩ አካባቢ ይበልጣል።

ርቀቱ ሲቀየር ስሌቱም ይቀየራል። ጣቢያዎቹ በ500 ሜትር ቢራራቁ ያ የ80 ባቡር ፍጥነቱን እንደሞላ ወዲያው መቆም ይጀምራል፤ የ25 ሰከንድ ማቆሚያ ሲጨመርበት አማካይ ፍጥነቱ በሰዓት 26 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይሆናል። ያው ባቡር አንድ ኪሎ ሜትር በሚራራቁ ጣቢያዎች ላይ 39 ይደርሳል። ርቀቱ ሁለት ተኩል ኪሎ ሜትር ሲሆን ግን የ120ው ባቡር በየጣቢያው 26 ሰከንድ ያተርፋል፤ ያን ጊዜ ኃይለኛው ሞተር ዋጋውን ያወጣል።

ይህን ይዘን ፓሪስ እንግባ። የፓሪስ ሜትሮ ሐምሌ 1900 ሥራ ሲጀምር መሪ መሐንዲሱ ፉልጀንስ ቢያንቨኑ ነበር፤ ቀደም ሲል በባቡር ሐዲድ ሥራ ላይ በደረሰበት አደጋ ግራ እጁን ያጣ ሰው ነው። የከተማዋ አስተዳደር ትልልቆቹ የባቡር ኩባንያዎች ባቡሮቻቸውን ይዘው መሃል ከተማ እንዳይገቡበት ይሰጋ ነበር። ስለዚህ ዋሻው 2.4 ሜትር ስፋት ላላቸው ጠባብ ፉርጎዎች ተለክቶ ተቆፈረ። ፉርጎዎቹ 15 ሜትር ያህል፣ ባለ አምስት ፉርጎው ባቡር 75 ሜትር ያህል ነው። ጣቢያዎቹ በአማካይ በግማሽ ኪሎ ሜትር አካባቢ ስለሚራራቁ ሰው ከቤቱ ወጥቶ ብዙ ሳይራመድ ባቡር ያገኛል። ባቡሩ ግን ሲነሳና ሲቆም ይውላል። እግረኛ ለሆነ የከተማ ሰው ይህ መልካም ውሳኔ ነበር። ከከተማው ዳርቻ ለሚመጣው ሠራተኛ ግን አልበቃም፤ ስለዚህ ፈረንሳዮች በሰባዎቹ ዓመታት ከዚያው ከተማ ሥር ሌላ ሰፊ ዋሻ ቆፍረው አርኤር የሚባለውን መረብ ሠሩ። በኤ መስመሩ ላይ ዛሬ የሚሄዱት ባለ ፎቅ ባቡሮች ጥንድ ሆነው ሲቀጠሉ 224 ሜትር ይሆናሉ። የሜትሮውን ባቡር ሦስት እጥፍ ያህል ማለት ነው። በ1900 ዋሻው ጠበብ ተደርጎ የተቆፈረበት ሒሳብ በሰባዎቹ በሁለተኛ ዋሻ ተከፈለ።

ለንደን ውስጥ ደግሞ «የለንደን ባቡር ፍጥነት» የሚባል አንድ ነገር የለም። በዓለም የመጀመሪያው የምድር ውስጥ ባቡር ጥር 10 ቀን 1863 በእንፋሎት ሥራ የጀመረው እዚያ ነው። በመሃል ከተማ ሌስተር ስኩዌርና ኮቨንት ጋርደን የሚባሉት ጣቢያዎች 260 ሜትር ብቻ ይራራቃሉ፤ በሜትሮፖሊታን መስመር ጫፍ ደግሞ ከቻልፎንትና ላቲመር እስከ ቼሻም ከስድስት ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በዚያ መስመር ባቡሩ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይደርሳል። የመረቡ አማካይ ግን ማቆሚያዎቹን ጨምሮ 33 ኪሎ ሜትር ነው። ሞስኮ ጣቢያዎቹን አራርቃ ስለሠራች በ40 ኪሎ ሜትር ገደማ አማካይ ትሄዳለች። በሳን ፍራንሲስኮ ባሕረ ሰላጤ ዙሪያ የሚያገለግለው ባርት 129 ኪሎ ሜትር እንዲደርስ ተሠርቷል፤ ከውኃው ሥር ምንም ጣቢያ ሳይኖር የሚያልፍበት ቱቦው ብቻ 5.8 ኪሎ ሜትር ነው። በቻይና ጓንግጆ በ2021 የተከፈተው 18ኛው መስመር ባቡሮች 160 ይሄዳሉ፤ ጣቢያዎቹ በአማካይ ከሰባት ኪሎ ሜትር በላይ የተራራቁ ናቸውና ያምርበታል። ይህንኑ ባቡር ፓሪስ አንደኛ መስመር ላይ ብናወርደው፣ ዋሻው ቢችለው እንኳ፣ ከዛሬው ባቡር እምብዛም ቀድሞ አይደርስም።

ኒው ዮርክ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ነገራችን ሁሉ በአንድ ቦታ የሚታይባት ከተማ ናትና። ጥቅምት 27 ቀን 1904 የተከፈተው የመጀመሪያ መስመር አንድ ትልቅ ብልኃት ይዞ ተወለደ። በአብዛኛው ርዝመቱ አራት ሐዲድ ተዘረጋለት፤ ሁለቱ በየጣቢያው ለሚቆሙ፣ ሁለቱ ዋና ዋና ጣቢያ ላይ ብቻ ለሚቆሙ ኤክስፕረስ ባቡሮች። ኤክስፕረሱ የሚፈጥነው የተለየ ሞተር ስላለው አይደለም፤ ያው ባቡር ነው፤ ጣቢያ ስለሚዘል ነው የሚቀድመው። ይህን የመሰለ አሠራር በዚህ ስፋት ያለው ከተማ ጥቂት ነው።

የፉርጎዎቹ ታሪክ ግን ከባድ ትምህርት ያለበት ነው። የመጀመሪያው ኩባንያ የቆፈረው ዋሻ 15.6 ሜትር ርዝመትና 2.67 ሜትር ስፋት ላላቸው ፉርጎዎች ነበር። በኋላ የተሠሩት መስመሮች ሦስት ሜትር ከአምስት ሳንቲ ሜትር ስፋት ያላቸውን ተቀበሉ። እስከ ዛሬ ድረስ በቁጥር የሚጠሩት መስመሮች ጠባቦቹ፣ በፊደል የሚጠሩት ሰፊዎቹ ናቸው። ሰፊው ባቡር ጠባቡ ዋሻ ውስጥ አይገባም፤ ጠባቡ ደግሞ ሰፊው መስመር ላይ ቢሄድ በበሩና በመድረኩ መካከል አደገኛ ክፍተት ይተዋል። አንድ ከተማ፣ አንድ የሐዲድ ስፋት፣ ነገር ግን እርስ በርስ መተካካት የማይችሉ ሁለት ባቡሮች። ከመቶ ዓመት በላይ አለፈው።

በሰባዎቹ መጀመሪያ ከተማዋ ለሰፊዎቹ መስመሮች 22.9 ሜትር የሆኑ ረጃጅም ፉርጎዎች አዘዘች። ሒሳቡ ለዓይን ያማረ ነበር። 18.3 ሜትር የሆኑ አሥር ፉርጎዎችና 22.9 ሜትር የሆኑ ስምንት ፉርጎዎች ርዝመታቸው እኩል ነው፤ ሁለቱም 183 ሜትር ይሞላሉ። ፉርጎው ሲቀንስ መንኮራኩሩም፣ መጋጠሚያውም፣ የጥገናው ወጪም ይቀንሳል። ነገር ግን ሁለቱም ዓይነት ፉርጎ በአንድ ጎኑ አራት አራት በር ነው ያለው። ስለዚህ አሥሩ ፉርጎ 40 በር ሲኖረው ስምንቱ 32 ቀረለት። መጀመሪያ ያሰላናቸውን አሥር ሰከንዶች አስታውሱ፤ እዚህ ነው የሚጠፉት።

ሁለተኛው ችግር ኩርባው ነው። ረጅም የባሕር ዛፍ አጣና ተሸክሞ በጠባብ ቅያስ የሚታጠፍ ሰው የሚገጥመው ነገር ረጅም ፉርጎንም ይገጥመዋል። ፉርጎው ከፊትና ከኋላ ባሉ ሁለት ባለ መንኮራኩር ተሸካሚዎች ላይ ይቀመጣል፤ ባለሙያዎቹ ቦጊ ይሏቸዋል። ቦጊዎቹ ኩርባውን ተከትለው ሲዞሩ የፉርጎው ሆድ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ጫፎቹ ወደ ውጭ ይወጣሉ። ሆዱ ምን ያህል እንደሚገባ ለማወቅ በቦጊዎቹ መካከል ያለውን ርቀት በራሱ አባዝቶ ለኩርባው ራዲየስ ስምንት እጥፍ ማካፈል ነው። ራዲየሱ 45 ሜትር በሆነ ኩርባ ላይ የአሮጌው የ15.6 ሜትር ፉርጎ ሆድ 33 ሳንቲ ሜትር ሲገባ የረጅሙ 75 ይገባል። በቦጊዎቹ መካከል ያለው ርቀት አንድ ተኩል እጥፍ ሲሆን ፉርጎው የሚሻማው ቦታ ከሁለት እጥፍ ይበልጣል። በብሩክሊን በኩል ወደ ምሥራቅ የሚሄዱት ጄ፣ ኤምና ኤል የሚባሉት መስመሮች ኩርባቸው ጠባብ ስለሆነ ረጃጅሞቹ ፉርጎዎች ሊገቡባቸው አልቻሉም። ከሰማንያዎቹ በኋላ ኒው ዮርክ በብዛት ያዘዘቻቸው የፊደል መስመር ባቡሮች ተመልሰው 18.3 ሜትር ሆነዋል። ለእኔ ይህ ትክክለኛ እርማት ነው።

ፍጥነቱንስ ምን አሰረው? የኒው ዮርክ ባቡር እስከ 89 ኪሎ ሜትር መሄድ ይችላል፤ አማካዩ ግን 27 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። ሰኔ 5 ቀን 1995 በዊልያምስበርግ ድልድይ ላይ አንድ ባቡር ከፊቱ ቆሞ የነበረውን ሌላ ባቡር ከኋላ ገጨው፤ ነጂው ሞተ። ምርመራው ሲካሄድ የሲግናሎቹ ርቀት በ1918 ለነበሩ ቀርፋፋና ቀላል ባቡሮች የተለካ ሆኖ ተገኘ። የዘመኑ ባቡር በዚያ ርቀት ውስጥ መቆም አይችልም ነበር። ከተማዋም ሲግናሎቹን ሁሉ በአንድ ጊዜ መንቀል ስለማትችል ባቡሮቹን አዘገመች፤ የባቡሮቹ ጉልበት ተቀነሰ፣ ፍጥነት የሚቆጣጠሩ የሰዓት ሲግናሎች በየቦታው ተጨመሩ። በ2018 የመረቡ ኃላፊ ሆኖ ሥራ የጀመረው እንግሊዛዊው አንዲ ባይፎርድ ሠራተኞች አሰማርቶ ሲያስመረምር አንዳንዶቹ ሲግናሎች ከተጻፈላቸው ፍጥነት በታች የሚሄዱ ባቡሮችን ጭምር የሚያስቆሙ ሆነው ተገኙ፤ ነጂዎቹም ይህን ስለሚያውቁ ከተፈቀደው በታች እያዘገሙ ነበር የሚያልፉት። እነዚያን ማስተካከልና በብዙ ቦታዎች የተፈቀደውን ፍጥነት ከፍ ማድረግ አዲስ ባቡር መግዛት አላስፈለገውም።

ቶኪዮ ሌላ መንገድ ሄደች። በ1927 የተከፈተው የጊንዛ መስመር ፉርጎዎቹ 16 ሜትር ናቸው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የተሠሩት አብዛኞቹ መስመሮች ግን ከዳርቻ ከሚመጡት የግል ኩባንያ ባቡሮች ጋር በአንድ ሐዲድ እንዲሄዱ ተደረገ፤ ተሳፋሪው ከባቡር ሳይወርድ ከገጠር ቀመስ ሠፈሩ መሃል ከተማ ይገባል። በዚህ ምክንያት አብዛኞቹ የእነዚያን ኩባንያዎች ልክ ተቀብለው ባለ 20 ሜትር ፉርጎ ሆኑ፤ አሥሩ 200 ሜትር ይሞላሉ። በ1961 የተከፈተው የሂቢያ መስመር ግን ኩርባው ጠባብ ስለነበር 18 ሜትር ላይ ቀረ። በኋላ ሕዝቡ ሲበዛ አንዳንዶቹ ፉርጎዎች ባለ ሦስት በር፣ አንዳንዶቹ ባለ አምስት በር ሆኑ። ሰው ወደ ሐዲዱ እንዳይወድቅ በመድረኩ ዳር አውቶማቲክ በር ለመትከል ሲታሰብ የባቡሩ በርና የመድረኩ በር መገጣጠም አለባቸውና ይህ ልዩነት እንቅፋት ሆነ። ጃፓኖች ኩርባዎቹን እንደገና በጥንቃቄ ለክተው ባለ 20 ሜትር ፉርጎ ማለፍ እንደሚችል አረጋገጡ፤ እስከ 2020 ስምንቱን አጫጭር ፉርጎዎች በሰባት ረጃጅሞች ተኩ። ኒው ዮርክ ያሳጠረችውን ቶኪዮ አስረዘመች፤ ሁለቱም ግን መልሱን ያገኙት ከበሩና ከኩርባው ነው።

በዋሽንግተን አካባቢ ለሚኖሩት፣ በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ ከሥራ ለሚገቡት ወገኖቻችንም ይህ ጉዳይ ቅርብ ነው። የዋሽንግተን ሜትሮ በ1976 ሲከፈት ፉርጎው 23 ሜትር ያህል፣ መድረኩ ለስምንት ፉርጎ የሚበቃ 183 ሜትር፣ የታሰበለት ፍጥነትም 121 ኪሎ ሜትር ነበር። ከሩቅ ሠፈር ሰው የሚያመላልስ ስለሆነ በረጅም ርቀት መፍጠኑ ተገቢ ነው። በየጎኑ ያሉት በሮች ግን ሦስት ብቻ ናቸው፤ መሃል ከተማ ላይ የሚያዘገየውም እርሱ ነው። ሰኔ 22 ቀን 2009 ፎርት ቶተን አጠገብ በደረሰ ግጭት ዘጠኝ ሰዎች ሲሞቱ በኮምፒውተር የሚመራው አነዳድ ተቋርጦ በሰው እጅ ተተካ። ወደ ቀይ መስመር የተመለሰው በታኅሣሥ 2024 ነው። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ባቡሩ የተሠራለትን ያህል አልሄደም።

አሁን ወደ መድረኩ ልምጣ። ባቡር ከመድረኩ ሊረዝም አይችልም፤ ቢረዝም የተረፈው ፉርጎ በሩ አይከፈትም። በኒው ዮርክ አሮጌው ሳውዝ ፌሪ ጣቢያ ከአሥሩ ፉርጎዎች የሚበቃው ለፊተኞቹ አምስት ብቻ ነበር፤ መውረድ የሚፈልግ ሁሉ አስቀድሞ ወደ ፊት መሄድ ነበረበት።

ከሁሉ ይልቅ ለእኛ የሚቀርበው ግን፣ የአዲስ አበባውም ቀላል ባቡር ነውና፣ በምሥራቅ ለንደን ያለው የዶክላንድስ ቀላል ባቡር ነው። በ1987 ሲከፈት ባቡሩ 28 ሜትር የሆነ አንድ ተሽከርካሪ ብቻ ነበር፤ አካባቢው የተተወ የወደብ ሠፈር ስለነበር ይበቃል ተባለ። ሠፈሩ ባንክና መሥሪያ ቤት ሲሞላበት በጥቂት ዓመት ውስጥ ሁለት ተሽከርካሪ መቀጠል፣ ከ2012ቱ ኦሊምፒክ በፊትም ሦስት ማድረግ ግድ ሆነ። በየጊዜው መድረክ ተሰብሮ ተረዘመ። ሳውዝ ኪይ የሚባለው ጣቢያ በሁለቱም ጫፍ ጠባብ ኩርባ ስለነበረበት ሊረዝም አልቻለም፤ በ2009 ጣቢያው እንዳለ ተነስቶ ሌላ ቦታ ተሠራ። ከምድር በታች ያለውን ከቲ ሳርክ ጣቢያ ግን ማስረዘም አልተቻለም፤ ጫፍ ላይ ያሉት በሮች ዛሬም እዚያ ሲደርሱ አይከፈቱም። ያው ከተማ በ2022 የኤልሳቤጥን መስመር ሲከፍት ተምሮ ነበር። ባቡሩ ባለ ዘጠኝ ፉርጎ፣ 205 ሜትር ነው፤ በመሃል ከተማ ያሉት አዳዲስ መድረኮች ግን 240 ሜትር እንዲሆኑ ተደርገው ተቆፍረዋል። ሁለት ፉርጎ የሚጨመርበት ቦታ ለነገ ተትቷል።

አጭር ባቡር ሁልጊዜ ስሕተት ነው አልልም። በ2002 የተከፈተው የኮፐንሃገን ሜትሮ ባቡር 39 ሜትር ብቻ ነው፤ ነጂ የለውም፤ በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት ግን በየሁለት ደቂቃው ወይም ከዚያ ባነሰ ጊዜ ይመጣል። ትንሽ ጣቢያ በርካሽ ተቆፈረ፣ ተሳፋሪውም አይጠብቅም። አጭር ባቡር የሚሠራው ቶሎ ቶሎ ሲመጣ ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሲጀምር የተነገረለት ከፍተኛ ፍጥነት በሰዓት 70 ኪሎ ሜትር ነበር። ባቡሩ 30 ሜትር ያህል ነው፤ ጣቢያዎቹ 39 ናቸው። ሁለቱ መስመሮች መሃል ከተማ ላይ 2.7 ኪሎ ሜትር ያህል በአንድ ሐዲድ ይሄዳሉ፤ እዚያ ላይ የአንዱ መዘግየት ለሌላው ይተርፋል። በኋላም ከ41ዱ ባቡሮች ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጥረት የቆሙባቸው ዓመታት መጡ። ባቡር በየሃያ ደቂቃው ሲመጣ ተሳፋሪው በአማካይ አሥር ደቂቃ ይጠብቃል። መጀመሪያ ያሰላናት የአራት ሰከንድ ትርፍ አሥር ደቂቃ የምትሞላው በ150 ጣቢያ ስትባዛ ነው።

ስለዚህ ለከተማ ምክር ቤት አባላት፣ ለጋዜጠኞችና ለወጣት መሐንዲሶች አንድ ልመና አለኝ። አዲስ መስመር ሲታቀድ የባቡሩን ከፍተኛ ፍጥነት ሲነግሯችሁ በእርሱ አትርኩ። መድረኩ ስንት ሜትር እንደሆነ፣ ከሃያ ዓመት በኋላ የሚረዝምበት ቀጥ ያለ ቦታ በሁለቱም ጫፍ ተትቶለት እንደሆነ፣ ጠባቡ ኩርባ ስንት ሜትር ራዲየስ እንዳለው፣ ባቡሩ በስንት ደቂቃ እንደሚመላለስ ጠይቁ። መልሱን ከንድፉ ጋር በጽሑፍ ተቀበሉ፤ ቁፋሮው ሳይጀመር።